የሰማይ ጉርድ ፎቶ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ ኖርኩ። ለፓስፖርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለማትሪክ፣ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት። ደንበኛ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። «አገጭዎን ትንሽ ቀና» ስትለው ይደፋዋል፤ «እንዳይንቀሳቀሱ» ስትለው ያችኑ ደቂቃ ጠብቆ አፍንጫውን ይበላዋል። በማግስቱ ፎቶውን ሊወስድ ይመጣና ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ ያገላብጠዋል፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ እኮ!» ይላል። የሚጨፍነው እሱ፣ የምከስረው እኔ! ግን ምን ይደረጋል፣ «ግድ የለም፣ ነገ ይምጡ፣ በነጻ ይደገማል» እላለሁ። ፎቶ ቤቴ ስም ያተረፈው በዚህች ቃል ነው።

ፎቶ ቤቱን ስልክ ገደለው። ማጉያውን በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት፤ የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ከጣቶቼ እስኪለቅ ዓመት ፈጀ፤ ከዚያ ሥራ ፈት ሽማግሌ ሆንኩ። ይህ በሽታ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። የማይነቃነቅ፣ የማይከራከር፣ ዓይኑን የማይጨፍን ደንበኛ ስፈልግ ሰማይ ላይ አገኘሁ። «አገኘሁ» ማለቴን ይቅር በሉኝ፤ እስከ ዛሬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ስሙ አቤል 31 ይባላል። ቃየን የገደለው አይደለም፤ ይሄኛው የሚሞተው በዕድሜ ነው። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ላዩ ላይ ያለውን ጋዝ እንደ ጋቢ እየገፈፈ ይጥለዋል። ውስጡ የሚቀረው ትንሽ፣ ነጭ፣ እጅግ የጋለ አስኳል ነው፤ የአስኳሉ ጨረር የተጣለውን ጋቢ ያበራዋል። ሽማግሌ ጋቢውን አውልቆ ሲጥል ጋቢው የሚያበራበት አገር ሰማይ ብቻ ነው፤ እኔ ግቢ ውስጥ ብሞክረው የማተርፈው ጉንፋን ነው። ያም ቢሆን አይዘልቅም፤ በጥቂት አስር ሺህ ዓመታት ውስጥ ጋዙ ተበትኖ ይጠፋል። የኛዋም ፀሐይ አምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ቆይታ ማበጥ ትጀምራለች አሉ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እስከዚያ የጓሮውን በር ታሠራለህ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር ሊቃውንቱ «ፕላኔታሪ ኔቡላ» ይሉታል። ከፕላኔት ጋር በሥጋም በጋብቻም አይገናኝም። ጥፋቱ የዊሊያም ኸርሼል ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1781 ኡራኑስን አገኘና ዓለም ሁሉ አጨበጨበለት፤ ከዚያ በኋላ በቴሌስኮፑ ክብና ፈዘዝ ያለ ነገር ባየ ቁጥር ያችኑ ፕላኔቱን ይመስለው ጀመር። ሙያው ሙዚቃ ነበር፤ ሙዚቀኛ ደግሞ ቅጽል ስም ማውጣት ይወዳል። ይኸው ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ስሙ አልተነሳም። እኔ በአንድ ደንበኛ መታወቂያ ፎቶ ጀርባ ላይ የሌላ ሰው ስም ብጽፍ ኖሮ ሁለት መቶ ዓመት ይታገሡኝ ነበር?

«አቤል» የሚለው ግን ከአሜሪካዊው ከጆርጅ አቤል የመጣ ነው፤ ከሰማይ ሰዎች ሁሉ የማከብረው እሱን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎማር ተራራ ላይ የተነሱ፣ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 35 ሴንቲሜትር የሚሆኑ የመስታወት ኔጋቲቮች ነበሩ። ሰውዬው በእነዚያ ላይ ተደፍቶ የደበዘዙትን አንድ በአንድ ለቀማቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ዝርዝር 86 ይዟል። ሁሉም ልክ አልነበሩም፤ 85ኛው ለምሳሌ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ሆኖ ተገኘ። አልፈርድበትም። ኔጋቲቭ ላይ ያለው ነገር ጉድፍ ይሁን የሰው ጠባሳ ለመለየት ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ አውቃለሁ። የሙያ ወንድሜ ነው።

ከ86ቱ ለምን 31ኛውን መረጥክ ብትሉኝ፣ እሱ ነው የመረጠኝ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ አቤል 31ም ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በጥር መጨረሻ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሽሮ ሜዳ በሚገኘው ግቢዬ በቀጥታ በአናቴ ላይ ያልፋል። ለንደን ያለው ሰው አንገቱን አጣሞ ወፍራም አየር አቋርጦ ነው የሚያየው፤ ለኔ ግን ደጄ ድረስ መጥቶ አናቴ ላይ ይቆምልኛል። በዚያ ላይ ስፋቱ የጨረቃን ግማሽ ያህላል። ያን ሁሉ ስፋት ይዞ ግን ብርሃኑ አንድ ማንኪያ ማር በርሜል ውሃ ውስጥ እንደማማሰል ነው። ቢሆንም ዕድሌ ነው ብዬ እልል አልኩ።

መከራ ነበር እንጂ ዕድል አልነበረም። ቴሌስኮፕ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ካሜራው ከትሪፖዱ እግር ጋር ይላተማል። በዚያ ላይ የተቀመጠበት ማውንት ኮከቡ መሀል ሰማይ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን ማዞር አለበት። አስቡት እስቲ፤ እንግዳው ስንት ዘመን ተጉዞ ምሰሶው ሥር ሲደርስ ባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶት ወንበር ይቀይራል!

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ስለ ሰሜን ኮከብ ልንገራችሁ። ምድር ትዞራለች፤ ስለዚህ ካሜራው አንድ ፎቶ አምስት ደቂቃ ከፍቶ እንዲቆይ ማውንቱ ምድርን በሚቃረን አቅጣጫ በልኳ መዞር አለበት፤ ለዚህም እምብርቱን ወደ ሰሜን ዋልታ ማነጣጠር ያሻል። መጽሐፉ ሁሉ «የሰሜን ኮከብን ያግኙ» ብሎ ይጀምራል። ቀላል ነገር! ለንደን ውስጥ የሰሜን ኮከብ 51 ዲግሪ ከፍ ብላ እንደ ቤት አምፖል ተንጠልጥላለች። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍታዋ 9 ዲግሪ ነው። 9 ዲግሪ ማለት ክንድን ዘርግቶ አንድ ጭብጥ ነው። ያችን አንድ ጭብጥ የያዘው ደግሞ እንጦጦ ነው!

ከሽሮ ሜዳ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የሚያየው ተራራና ባሕር ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ባይወርዱ ኖሮ ከተማው ሁሉ እዚያው አናቱ ላይ ይቀር ነበር፤ የሰሜን ኮከብም አትጠፋብኝም ነበር። ማንም ሰው ከተማ ሲቆረቁር የፎቶ አንሺን ጉዳይ አያስብም። እዚያው እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የአገር ኩራት ናቸው፣ ደስ ይለኛል። ግን ከታች ሆኜ ሳያቸው፣ እኔ የማጣትን ኮከብ እንደ ሎሌ ከኋላቸው አስቁመው የሚዝናኑ ይመስለኛል።

ማውንቱም ራሱ ሌላ ጣጣ አለበት። ማዘንበያው ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም። ሠሪዎቹ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚኖር አልመሰላቸውም። የሰፈሩን አናጢ ጠርቼ ከትሪፖዱ አንድ እግር ሥር የሚገባ ስድስት ዲግሪ የሚያጋድል የእንጨት ሽብልቅ አሠራሁ። አናጢው ሁለቴ ለካና «ጋሼ፣ የተንጋደደ ጠረጴዛ አስተካክል ያለኝ ብዙ ሰው ነው፤ አንጋድልኝ ያሉኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለኝ። ዋልታውንም በማየት ሳይሆን በዳበሳ ነው የማገኘው፤ አንድ ኮከብ እመርጥና ወደ ላይ ይንሸራተት እንደሆነ፣ ወደ ታች ይንሸራተት እንደሆነ እያየሁ ብሎን አጠባብቃለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በጥር ብርድ፣ በተንበረከከ ጉልበት።

ወቅቱስ? «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚል ሰው ቴሌስኮፕ የለውም። ደማቅ ደማቆቹ፣ የቀለበት ኔቡላና ዳምቤል የሚባለው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉት ሐምሌ ውስጥ ነው። ዳምቤልን ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ እ.ኤ.አ. በ1764 በዚያው በጁላይ ፓሪስ ሆኖ አገኘው። በጁላይ እኔ የማገኘው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው።

ከደመናው የከፋ ግን መብራት ነው። የድሮው የመንገድ መብራት ቢጫ ነበር። ሌባ ነበር፣ ግን ጨዋ ሌባ ነበር፤ የሚሰርቀው አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ፊልተር ስታደርግበት ይመለስ ነበር። አሁን ነጭ መብራት መጣ። ነጭ መብራት ቀለሙን ሁሉ ይዞ በሁሉም በር ይገባል። ሰፈሩ አምሯል፣ አልክድም፤ መንገዱ ላይ የወደቀ መርፌ ይታያል። አቤል 31 ግን አይታይም።

እንግዲህ እሱን ለማየት ሦስት ናኖሜትር ብቻ የምታሳልፍ ፊልተር ያስፈልጋል፤ ከቀስተ ደመናው ላይ በምላጭ የተቆረጠች ክር በሏት። ኔቡላው እንደ ኮከብ በሁሉም ቀለም አያበራም፤ በጥቂት መስመሮች ነው። የሃይድሮጅኑ ቀይ 656.3 ላይ ነው፤ የኦክስጅኑ አረንጓዴ 500.7 ላይ። ይህች አረንጓዴ ደግሞ ታሪክ አላት። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1864 ድራኮ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ፕላኔታሪ ኔቡላ ላይ የብርሃን መበተኛውን ቢያነጣጥር ቀስተ ደመና ጠብቆ ጥቂት ብሩህ መስመሮች ብቻ አገኘ። ጋዝ ነው ማለት ነው። ግን የምን ጋዝ? አረንጓዴዋ መስመር ምድር ላይ ከሚታወቅ ነገር ጋር አልገጠመችም። ስለዚህ ገና ላልተገኘ ንጥረ ነገር ስም አወጡለት፤ «ኔቡሊየም» ብለው። እንግዲህ ሳይወለድ ክርስትና ያነሱት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አይራ ቦወን ነገሩን ፈታው፤ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ነው፣ ምድር ላይ ልንፈጥረው ከምንችለው ባዶ ይበልጥ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሲሆን ያን ቀለም ይሰጣል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲፈልጉት የኖሩት ነገር በአፍንጫቸው ሲገባና ሲወጣ የነበረው ነው! ባለቤቴም መነጽሯን የምትፈልገው እንደዚሁ ነው፤ ግንባሯ ላይ አድርጋው።

ፊልተሩን ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ዋጋውን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም፣ እዚህም አልጽፈውም። ካሜራውንም ያመጣው እሱ ነው። ጓዙን የፈተሸው ሰው አገላብጦት ኖሯል፦

«ምንድን ነው?»

«ካሜራ።»

«ሌንሱስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ይህ ማራገቢያ ምኑ ነው?»

«ማቀዝቀዣው ነው። ራሱን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ያደርሳል።»

ሰውዬው ሥጋ ይቀመጥበት እንደሆነ ጠየቀ። እውነቱን ነው። ቤታችን ፍሪጅ ከተበላሸ አራት ወሩ ነው፤ ካሜራዬ ግን የራሱ አለው። ይህንንም ባለቤቴ ደርሳበታለች።

አሁን ስለ ጎረቤት ላውራ። ሌሊት ግቢ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያይ ሽማግሌ በኛ አገር አንድ ስም ብቻ አለው፤ ኮከብ ቆጣሪ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት እናቶች የልጆቻቸውን ጋብቻ እንዳይላቸው መጡ። አንዷ የልጇንና የሙሽራውን የእናት ስም በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። «እሜቴ፣ እኔ ፎቶ ነው የማነሳው» ብላት፣ «ግድ የለም፣ ፎቶውም ያሳያል» አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ሁሉም በየደጁ «ወይኔ እንጀራው ሊጥ ሆኖ ቀረ» እያለ ሲያለቅስ እኔ ብቻ ባትሪዬን አቅፌ ወደ ግቢ እሮጣለሁ። አንድ ሌሊትማ ሳላስበው እልል ብያለሁ። ለሳምንት ሰላምታ የሰጠኝ የለም።

በመጨረሻ ጨክኜ ነገሩን እድር ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። እጄን አውጥቼ፣ «በጥር ወር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የየበራችን የውጭ መብራት እንዲጠፋልኝ እለምናለሁ» አልኩ። ጸጥ አለ። ዳኛው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አይዞዎት። ማን ሞተብዎት?» አሉኝ።

«ኮከብ ነው።»

«መቼ?»

«መሞት ከጀመረ ቆይቷል። አሁን የሚደርሰን ብርሃን እንኳ ከተነሳ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአክሱም ነገሥታት ዙፋን ላይ ሳሉ ነው።»

ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገለጠ። «አባል ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ከመግቢያው ጀምሮ የ1,500 ዓመት ውዝፍ አለበት» አለና መዝገቡን ከደነ።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ቀባሪ አጥቶ?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎረቤቴ ሸማኔው ተነሳ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጥያቄ ይወዳል። «መብራት አጥፍተን ሌባ ቢገባ እርስዎ በመነጽርዎ ያዩልናል?» አለ። «አላይም፤ እኔ የማየው ወደ ላይ ነው» ብዬ እቅጩን ተናገርኩ። ሳቁ። የፎቶ ቤት ሰው ደንበኛ ሲስቅበት መታገሥ ያውቃል፤ ታገሥኩ።

ዳኛው ጢማቸውን አሻሽተው ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «በእርስዎ ግቢ አናት ላይ የሚያልፍ ከሆነ ሟቹ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ሞቶ መብራት አብርቶ መቀመጥ ነውር ነው። እስከ ሰልስቱ ይጥፋ።»

ሦስት ሌሊት! የመጀመሪያው ሌሊት በጥር ያልተለመደ ደመና ከእንጦጦ ተነስቶ እስከ ንጋት ተጋድሞ አደረ። በሁለተኛው ሌሊት ውሻዬ ከተራራው የወረደ ጅብ ሸትቶት ሲሮጥ ትሪፖዱን ገጭቶ ሁለት ሰዓት በዳበሳ ያገኘሁትን ዋልታ አጠፋው፤ ሽብልቁም የት እንደገባ የተገኘው በበነጋው ነው። ሦስተኛው ሌሊት ግን የሌሊት ንጉሥ ነበር። ከሩቅ የሚመጣው የከተማው ጮራ ቢኖርም በሰፈራችን አንድ አምፖል አልበራም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሠራሁ። ሌላውን ሁሉ ሰዓት፣ በሦስት በጋ፣ እንደ ለማኝ ከደመናና ከጨረቃ እየለመንኩ ነው ያጠራቀምኩት። ጨረቃንም አታንሱብኝ። ዘፋኝ ሁሉ ያወድሳታል፤ እሷ ባለችበት ሌሊት ኦክስጅኔ አይታይም።

የምሠራውን ለማየት የሚመጣ ሰው ደግሞ ጤንነቴን ይጠራጠራል። ክዳኑን ዘግቼ ሰላሳ ጊዜ ጨለማ አነሳለሁ፤ ካሜራው ከራሱ የሚያመጣውን ጉድፍ ለማወቅና ከፎቶው ለመቀነስ ነው። ሲነጋጋ ደግሞ የሌንሱ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሬ ጨርቁን አነሳለሁ፤ አቧራው የት እንዳለና ጠርዙ ምን ያህል እንደሚጨልም ያሳየኛል። ውጭ አገር ካናቴራ ይወጥራሉ። ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ካናቴራ መወጠር ነውር ስለሆነ የባለቤቴን ነጠላ ነው የምጠቀመው፤ ጥለቱን ወደ ጎን አድርጌ። ያንን ነጠላ የሠራው ሸማኔው ራሱ ነው። አንድ ንጋት በአጥር አሻግሮ አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነው እንዴ?» አለኝ።

ወጣቶቹ «በፊልም ይቀል ነበር?» ይሉኛል። አይቀልም! ፊልም ይደክማል። አንድ ሰከንድ ላይ የሚጠጣውን ያህል ብርሃን አስር ደቂቃ ላይ አይጠጣም፤ እንደ ሽማግሌ ቆይቶ ቆይቶ ያንቀላፋል። አዲሱ ካሜራ አያንቀላፋም። ይህን ልስጠው፤ ሌላ ምስጋና ከኔ አይጠብቅ።

ቅናትም አለብኝ፣ አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ አማተር ሳይግነስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ሺህ ጊዜ የተነሳ ሰማይ ላይ፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ፍጹም ክብ የሆነ ፕላኔታሪ ኔቡላ አገኘ። ሊቃውንቱ አልፈውት ሲሄዱ ኖረዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የባሰው መጣ። ሦስት አማተሮች የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ከ100 ሰዓት በላይ በዚያችው በኦክስጅን ቀለም ቢያነሱ ጎኑ ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ ትልቅ ቅስት ወጣ። አንድሮሜዳ እኮ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ ናት! እናቷ ካሲዮፔያም አጠገቧ ተቀምጣለች። የቤተሰባችንን ግድግዳ የፈተሹት ሌሎች ናቸው። የቴሌስኮፓቸው ስፋት 106 ሚሊሜትር ነው። የኔ 102 ነው። በአራት ሚሊሜትር ተበለጥኩ።

ጉዱ ግን ከውጭ ብቻ አልመጣም። ዘንድሮ ለገና የልጅ ልጄ ከቨርጂኒያ መጣች፤ ሻንጣዋ ውስጥ የጫማ ሣጥን የሚያህል ነገር ይዛ። ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ነው። ግቢው መሀል አስቀመጠችው፤ ሽብልቅ የለ፣ ዳበሳ የለ።

«ሰሜኑን አላሳየሽውም» አልኳት።

«አባባ፣ ሰሜን አያስፈልገውም። ከዋክብቱን ራሱ አይቶ የት እንዳለ ያውቃል።»

«ፊልተርስ?»

«ውስጡ አለ።»

ስልኳ ላይ ስም ጻፈች፤ ሣጥኑ አንገቱን አነሳ፣ ትንሽ ዞረ፣ ቆመ። አስር አስር ሰከንድ እያነሳ ራሱ ይደራርበዋል። እሷ ቤት ገብታ ከአያቷ ጋር ቡና ትጠጣለች፤ እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ሣጥኑን እጠብቃለሁ። ሌባ ቢወስደውስ? ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ መጣችና ስልኩን አሳየችኝ። መሀሉ ላይ ግርጥ ያለ፣ እንደ ተነፈሱበት መስታወት ያለ ነገር አለ።

«የአንተ ሰውዬ ይሄ ነው?»

ነው አላልኩም፣ አይደለም አላልኩም። ሦስት በጋ፣ አንድ አናጢ፣ አንድ እድር፣ አንድ ነጠላ! «ጥራት የለውም» አልኳትና ተኛሁ። ስትመለስ ሣጥኑን ትታልኝ ሄዳለች። አልነካሁትም። ሁለቴ ብቻ ነክቼዋለሁ።

የካቲት ላይ 31 ሰዓት ሞላልኝ፤ አምስት አምስት ደቂቃ የሆኑ 372 ፎቶዎች። ደራረብኳቸው። ኮምፒውተሩ አሁን ከዋክብቱን ከፎቶው ላይ አውጥቶ ኔቡላውን ብቻውን የሚያስቀር መሣሪያ አለው፤ ያ ሁሉ ነጠብጣብ ባለበት ኔቡላው አይጎላማ። ስንት የሙሽራ ብጉር ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ያጠፋሁ ሰው ይህ አይጠፋኝም። ተጫንኩት። ወጣ! መሀሉ ሰማያዊ ጭጋግ፣ አንዱ ጠርዝ ላይ ቀይ ቅስት፤ በዚያ በኩል ጋዙ በከዋክብት መካከል ያለውን ስስ ጋዝ እየገፋ ነው። አሳትሜ፣ በክፈፍ አድርጌ፣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቴን ማኅተም መታሁበት። ከአስር ዓመት በኋላ የተመታ የመጀመሪያው ማኅተም ነው።

ባለቤቴ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው። «ግድግዳችን ላይ ያለውን ሻጋታ ይመስላል» አለች፤ ግን ሚስማሩን ራሷ ናት ያመጣችው።

ሸማኔው ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ክፈፉን አውርዶ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አለ። አገላበጠው። ያን አገላበጥ አውቀዋለሁ፤ ሆዴ ተንቦጨቦጨ።

«ጋሼ፣ መሀሉ ላይ ዓይን አለው ብለውኝ አልነበር? ያ የጋለ አስኳል?»

«አለው።»

«የት ነው? ጨፍኗል እኮ።»

ቀምቼው በማጉያ መነጽር አየሁት። እውነቱን ነው። ጠባሳ መስሎኝ ከሌሎቹ ከዋክብት ጋር አስኳሉን ራሱን አጥፍቼዋለሁ። መልሼ ባስገባውም በዚያች ሦስት ናኖሜትር የተነሳ ኮከብ የራሱን ሰማያዊ ቀለም አያሳይም፤ እሱን ለማግኘት የከተማውን መብራት ሁሉ በሚያስገባው ሰፊ ፊልተር እንደ አዲስ ማንሳት አለብኝ።

«ግድ የለም፣ በነጻ ይደገማል» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነው። ሰልስቱን አውጥተናል፤ አሁን ለአርባው እለምናለሁ።